ድምፅ ወይስ ዕጣ?

በሞያሌ የምርጫ ቀን የሚጀምረው በሌሊት ነው። ምርጫ ጣቢያው የሚከፈተው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆንም ሰልፉ የሚያዘው ዶሮ ሳይጮኽ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2022 እኔም በጎልቦ ከነበሩት ሰልፎች በአንዱ ቆሜ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከድንበሩ ወዲህ የምንኖር ሰዎች የምንቆጥርባቸው የአውሮፓውያኑ ናቸው።) ከጎኔ አንዲት አዛውንት፣ የጎረቤቴ እናት፣ በምርኩዝ ቆመዋል። ማንበብ ስለማይችሉ፣ ዓይናቸውም ስለደከመ፣ የኬንያ የምርጫ ደንብ በሚፈቅደው መሠረት ረዳት ሆኜ አብሬያቸው እንድገባ ለምነውኛል። ደንቡ አንድ ረዳት የሚያግዘው አንድ መራጭ ብቻ እንዲሆንና ያየውን በምስጢር ለመጠበቅ ቃል እንዲገባ ያዛል። ስለዚህ እማማ ማንን እንደ መረጡ ያን ዕለት ለማንም አልተናገርሁም፤ አሁንም አልናገርም። ልጽፍ የምችለው ገና ሰልፉ ላይ ሳለን የጠየቁኝን ብቻ ነው።

በኬንያ አንድ መራጭ በአንድ ቀን ስድስት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ለፕሬዚዳንት፣ ለካውንቲ ገዥ፣ ለሴኔት አባል፣ ለሴቶች ተወካይ፣ ለምክር ቤት አባልና ለዋርድ ተወካይ። የዕጩዎቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራሁ ሳስረዳቸው፣ እማማ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ያቺኑ አንዲት ጥያቄ ይደግሙ ነበር። «ይኼስ ልጄ፣ የማን ነው?»

አንድም ጊዜ «ምን ሠርቷል?» አላሉም። «ምን ሊሠራ አስቧል?» ብለውም አልጠየቁም። እኔም በበኩሌ «የማን ነው ማለት ምን ማለት ነው?» አላልሁም። በዚህች ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ሊጠፋው አይችልም። በፊታችንና በኋላችን የቆሙትም ሰዎች፣ የተማሩት ጭምር፣ ያንኑ ጥያቄ በልባቸው ይጠይቁ ነበር፤ ልዩነቱ እማማ ጮክ ብለው መጠየቃቸው ብቻ ነው።

ኑሮዬ በትርጉም ሥራ ላይ የተመሠረተ ነውና ቃላትን መመዘን ልማዴ ሆኗል። አማርኛችን መራጭ ኮሮጆ ውስጥ የሚከተውን ነገር «ድምፅ» ይለዋል። ኦሮምኛም እንዲሁ «ሰገሌ» ይለዋል፤ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ማለት ነው። ስዋሂሊ ግን «ኩራ» ይላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ ዕጣ ነው። እነዚህ ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ገበያ በሚነገሩባት በሞያሌ፣ ያው አንድ ወረቀት በሁለቱ ቋንቋ ድምፅ፣ በሦስተኛው ዕጣ ይባላል። ድምፅ ሰው አስቦ የሚያወጣው ነው። ዕጣ ግን በሰው ላይ ይወጣል እንጂ ሰው አያስበውም። በየምርጫው ኮሮጆ ውስጥ የምንጨምረው ከሁለቱ የትኛውን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የከተማችን የፖለቲካ ዝንባሌ በሚባለው ነገር ላይ እንግባባ። በሌላ አገር ስለ አንዲት አነስተኛ ከተማ ሲጻፍ እገሌ የተባለው ሰፈር ለወግ አጥባቂው፣ እገሌ የተባለው ለለውጥ ፈላጊው ያደላል ይባላል። እኛ ዘንድ ይህ ሚዛን አይሠራም። ማርሳቢት ካውንቲ አራት የምርጫ ክልሎች አሉት፤ ሞያሌ፣ ኖርዝ ሆር፣ ሳኩና ላይሳሚስ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ወደ 47 ካውንቲዎች ካወረደ በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በማርች 2013 ነበር። በዚያን ጊዜ የሬንዲሌ፣ የገብራና የቡርጂ ማኅበረሰቦች ከየስማቸው መነሻ በወጣ ቃል «ሬጋቡ» የተባለ ኅብረት ፈጥረው የኦ.ዲ.ኤም. ዕጩ የነበሩትን አቶ ኡኩር ያታኒን የመጀመሪያው ገዥ አደረጉ። በ2017 እኚሁ ሰው የተወዳደሩት በሌላ ፓርቲ፣ በፍሮንቲየር አልያንስ ስም ነው። ያን ጊዜ ያሸነፏቸው፣ በተለይ የቦረናን መራጭ ድጋፍ የያዙት አቶ መሐሙድ አሊ ናቸው፤ ፓርቲያቸውም ጁቢሊ ነበር። በ2022 አቶ መሐሙድ አሊ ዳግም ሲያሸንፉ ደግሞ ፓርቲያቸው ዩ.ዲ.ኤም. ሆኗል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የሁለቱም ሰዎች ፓርቲ ተለውጧል፣ ደጋፊያቸው ግን በብዛት አልተለወጠም። ፓርቲ በእኛ አገር እንደ ማታቱ ነው። ተሳፋሪው የሚያየው የመኪናውን ቀለም ሳይሆን ማን እንደሚነዳው ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 ፓርቲ በጎሣ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በአካባቢ ላይ እንዳይመሠረት ይከለክላል። ከመስመሩ ማዶ ያለው የ1995ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንጻሩ ሉዓላዊነትን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጥቶ አገሪቱን በዚያው ላይ አዋቅሯል፤ በማዶዋ ሞያሌም የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ሁለት አስተዳደር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ ሕግ ወገንን በበሩ አያስገባም፤ ሌላው ወገንን የቤቱ ምሰሶ አድርጎታል። በሁለቱም በኩል ያለው የአንድ አያት ልጅ ግን የሚጠይቀው ያንኑ የእማማን ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገሩ በሕግ ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ የኅሊና ጥያቄ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ለወገን ድምፅ መስጠትን ድንቁርና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ከናይሮቢና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ምሁራን ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ አስተርጉሜያለሁ። ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። ይህ ምድር በቅኝ ግዛት ዘመን፣ ከ1926 ጀምሮ፣ ያለ ፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት ዝግ አውራጃ ነበር። ከነፃነት በኋላም ከ1963 እስከ 1967 የሽፍታው ጦርነት ነደደበት፤ የአስቸኳይ ጊዜ ሕጉም እስከ 1990ዎቹ መግቢያ አልተነሣለትም። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ለብሶ ያለቀው በ2010ሮቹ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ሲታመም የተሸከመው ወገኑ ነው። ከብቱ በድርቅ ሲያልቅበት በቦረናው የ«ቡሳ ጎኖፋ» ሥርዓት ጊደር የሰጠው ጎሣው ነው። የነፍስ ዋጋ ሲጠየቅ ያዋጣለት፣ ሲሞት የቀበረው ዘመዱ ነው። መንግሥት የሚባለው እሱን የሚያውቀው በፍተሻ ኬላ ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ድምፁን ለወገኑ ሲሰጥ ዕዳውን እየከፈለ ነው እንጂ አልተታለለም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ የሚለውን ተረት የፈጠረው ሞኝነት ሳይሆን ብርድ ነው።

በዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ ከአገሪቱ ገቢ ቢያንስ 15 ከመቶው ለካውንቲዎች እንዲከፋፈል ያዛል። ቀድሞ ናይሮቢ ይወሰን የነበረው የጤና ጣቢያ፣ የጉድጓድ ውሃ፣ የሥራ ቅጥር አሁን ማርሳቢት ላይ ይወሰናል። ገዥው በአንድ ድምፅ ብልጫም ቢሆን ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል። ሌላው ለወገኑ ሲሰጥ እኔ ብቻ ለብቃት ብሰጥ የእኔ ልጆች ይጠማሉ የሚል ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። የመጀመሪያው ትጥቅ ፈቺ መሆን የሚፈልግ የለም።

ይህን ሁሉ አምኜ ስቀበል፣ አሁንም ልቤን የሚቆረቁረው አንድ ነገር አለ። እሱንም በራሴ በደል እጀምራለሁ።

ከ2013ቱ ምርጫ ቀደም ብሎ የአንድ ዕጩ ሰዎች በስዋሂሊ የተጻፈ የቅስቀሳ ወረቀት ወደ አማርኛ እንድመልስላቸው ሰጡኝ። ከደጋፊዎቻቸው መካከል ማዶ ተምረው ስዋሂሊ የማያነቡ ነበሩ። በወረቀቱ ውስጥ «ዋጌኒ» የሚል ቃል አለ። ስዋሂሊ በዚህ ቃል ቡና የሚፈላለትንም እንግዳ፣ ከሩቅ የመጣውንም ባዕድ ይጠራበታል፤ የአማርኛው «እንግዳ» እንደሚለው ማለት ነው። እኔ ግን «እንግዳ» ብዬ አልጻፍሁም። «መጤ» ብዬ ጻፍሁ። ያላዘዘኝ ሰው የለም ብዬ አላመካኝም፤ ማንም አላዘዘኝም። የጸሐፊውን ሐሳብ ነው የተረጎምሁት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን ሰዎቹን ደስ ለማሰኘትና ቃሉም ስለሚናደፍ ነው።

ከቤቴ አጠገብ ሱቅ የነበረው ሰው ወር ሳይደርስ በዱቤ ሲሰጠኝ የኖረ ጎረቤቴ ነበር። አያቱ ከሌላ አገር መጥተው ይሆናል፤ እሱ ግን የተወለደው እዚሁ ነው። ያን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አነበበና «ይኼን የጻፈው ማን ይሆን? አማርኛው ጥሩ ነው» አለኝ። ዝም አልሁ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከተማችን ውስጥ በቦረናና በገብራ፣ በቡርጂም መካከል ግጭት ሲነሣ፣ ቤቶች ሲቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መስመሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲሰደድ፣ እሱም ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ሱቁ በእሱ እጅ ዳግመኛ አልተከፈተም። የእኔ ቃል ቤት አላቃጠለም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ቤት የሚያቃጥል ሰው አስቀድሞ የቤቱን ባለቤት የሚጠራበት ስም ይፈልጋል፤ እኔም ከእነዚያ ስሞች አንዱን አቅርቤያለሁ።

ይህን የምጽፈው ኑዛዜ ለመስማት ጊዜ ያለው አንባቢ ፍለጋ አይደለም። ጎረቤቴ ባሳየኝ ነገር ምክንያት ነው። ለዘመዴ ያለብኝን ዕዳ የከፈልሁት በራሴ ገንዘብ አልነበረም፤ በጎረቤቴ ደኅንነት ነበር። ድምፅም እንደዚያ ነው። ለወንድሜ ከከብቴ ባካፍለው፣ ከደመወዜ ባዋጣለት የራሴን ሰጠሁ። በድምፄ ግን የምሰጠው በሌላ ሰው ላይ የሚሠራ ሥልጣን ነው። የማላውቃት ሴት የምትወልድበትን ጤና ጣቢያ፣ የሌላ ጎሣ ግመል የሚጠጣበትን ጉድጓድ የሚወስን ሰው ነው የምሾመው። የእኔ ባልሆነው ነገር የእኔን ዕዳ መክፈል እንዴት ይፈቀድልኛል?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1861 ስለ ውክልና መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ድምፅ የግል ንብረት ሳይሆን ለሌሎች ጥቅም የተሰጠ አደራ ነው ሲል ተከራክሯል። እስከዚህ ድረስ ከእሱ ጋር ነኝ። እሱ ግን ከዚያ ተነሥቶ አደራ ከሆነ በአደባባይ ይሰጥ፣ ሰው ሁሉ ይየው ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል። እዚህ ላይ እንለያያለን። ሚል የጎልቦን ሰልፍ ቢያይ ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስለኛል። በእኛ ከተማ ድምፅ በአደባባይ ቢሰጥ የሚቆጣጠረው ሕዝብ ሳይሆን የጎሣ ሸንጎ ነው፤ ወጣቱና ሴቷ ከሽማግሌዎቹ ቃል ውልፍት ማለት አይችሉም። ያቺ ጠባብ የካርቶን መከለያ፣ ሰው ከወገኑ ዓይን ለአንድ ደቂቃ ተለይቶ ከኅሊናው ጋር የሚነጋገርባት ብቸኛ ቦታ ናት። አደራውን የሚያስጠብቀው ምስጢሩ ነው።

ሽማግሌዎችን ለመንቀፍ አይደለም። በሰሜን ኬንያ ከምርጫ በፊት የጎሣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሥልጣኑን የሚደለድሉበት ልማድ አለ፤ ይህኛው ወንበር ለእናንተ፣ ያኛው ለእኛ እየተባለ። ደም እንዳይፈስ ያደረገበት ጊዜ ስላለ አላናንቀውም። የቱርቢው እልቂት በጁላይ 2005 ሕፃናትን ሳይቀር ከበላ በኋላ፣ በኤፕሪል 2006 ለሰላም ንግግር ወደ ማርሳቢት ሲበር በወደቀው አውሮፕላን ውስጥ የኖርዝ ሆሩ ቦናያ ጎዳና፣ የሞያሌው ጉራቻ ገልገሎና የሳኩው አብዲ ሳሱራ አብረው ሞቱ። በምርጫ ዘመን ሕዝባቸው ለየብቻ ያሰለፋቸው ሰዎች ዕርቅ ፍለጋ በአንድ አውሮፕላን ተሳፍረው ነበር። ከዚያም በ2009 የቦረናና የገብራ ሽማግሌዎች ማይኮና ላይ ተስማምተው ለስርቆትም ለግድያም ቅጣቱን በጽሑፍ ወሰኑ። ይህ ሁሉ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ መልካም ሥራም ነው።

ነገር ግን የሽማግሌ ቃል ክብሩ ከየት እንደሚመጣ እናስታውስ። በቦረናው የገዳ ሥርዓት አባ ገዳው ስምንት ዓመት ከመራ በኋላ ያስረክባል። በየስምንት ዓመቱም ጉሚ ጋዮ ላይ ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ የመጣው ሕዝብ ተሰብስቦ ሕጉን ይመረምራል፣ ይከራከራል፣ እስኪስማማ ድረስም ይነጋገራል። ስምምነቱ የሚከበረው ሰው ስለተናገረበትና ስለተሰማ ነው። በምርጫ ዋዜማ ጥቂት ሰዎች በአንድ ሆቴል ተቀምጠው «ሕዝባችን ለእገሌ ይሰጣል» ብለው ሲያውጁ ግን፣ ልብሱ የጉሚ ጋዮ ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው። ክርክሩ ተቆርጦ ስምምነቱ ብቻ ቀርቷል። በዚያ ጊዜ ሰገሌው ኩራ ይሆናል፤ ድምፁ ዕጣ ይሆናል ማለት ነው።

ምርጫ ወደ ዕጣ ሲለወጥ ደግሞ ጉዳቱ ለተሸናፊው ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ እንደ ትውልዱ ከመረጠ ምርጫው ሕዝብ ቆጠራ ሆነ ማለት ነው፤ ውጤቱም ከሰልፉ በፊት ይታወቃል። አናሳው ማንንም ማሳመን ስለማይችል ተስፋ ይቆርጣል። አሸናፊውም ማንንም ማሳመን ስለማያስፈልገው ይሰንፋል፤ ውሃው ባይመጣም መንገዱ ባይጠገንም ወገኑ እንደማይከዳው ያውቃልና። እንግዲህ በወገን ድምፅ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው፣ ድምፁን በነፃ የሰጠው የራሱ ወገን ነው። የማይቀርብህን ደንበኛ በደንብ ማስተናገድ ለምን ያስፈልጋል?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ ይህም እንደ ፊተኛው ተረት የእኛው ነው። በ2013 ከዚህ የሸሸውን የተቀበለችው ማዶዋ ሞያሌ ናት። በማርች 2018 ደግሞ ማዶ ወታደሮች ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወዲህ ሲሸሽ፣ የተቀበሉት በዚህኛው በኩል ያሉ መንደሮች ናቸው። ያን ሳምንት እኔም ለእርዳታ ሠራተኞች ሳስተረጉም ሰነበትሁ። ውሃ ይዘው ከመጡት ሴቶች መካከል «የማን ናችሁ?» ብላ የጠየቀች አልሰማሁም። «ስንት ልጆች አሉ?» ነበር ጥያቄያቸው። ይህ ሕዝብ ሌላውን ጥያቄ መጠየቅ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በመከራ ቀን የሚመጣለትን ጥያቄ በምርጫ ቀን ማስታወስ ነው የከበደው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወገንን እርሳ የሚል ስብከት አልሰብክም፤ የሚሰማኝም የለም። ለራሴ ያወጣሁትን ሁለት ነገር ብቻ ላካፍል። አንደኛ፣ አንድን ዕጩ የምመርጥበትን ምክንያት ለጎረቤቴ፣ የእኔ ወገን ላልሆነው፣ ፊት ለፊት ልነግረው እችላለሁን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። «ጉድጓዱን ያስቆፈረው እሱ ስለሆነ» ብለው ይገባዋል። «የእኛ ስለሆነ» ብለው ግን የነገርሁት፣ አንተን አልቆጠርሁህም ነው። ሁለተኛ፣ በእጄ የሚገቡት ወረቀቶች ስድስት መሆናቸውን አስታውሳለሁ። ልብ አልቆርጥ ብሎ አንዱ ለዝምድና ቢሄድ እንኳ አምስቱን ተከትሎ መጣል ግዴታ አይደለም። በተለይ የዋርድ ተወካይ ከእኛው ጋር ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳ ሰው ነውና፣ መመዘኛው ደም ሳይሆን ሥራ ቢሆን የሚያፍር አይኖርም።

የእኔን ወገን እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስትፈልጉ የቆያችሁ አንባቢዎች ትኖራላችሁ። አላጠፋችሁም፤ እኔም የሌላውን ጽሑፍ ሳነብ እንዲሁ አደርጋለሁ። ሆን ብዬ አልጻፍሁትም። «የማን ነው?» የሚለው መልስ ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰው የቀረውን አያነብምና።

ያን ዕለት እማማና እኔ ከምርጫ ጣቢያው ስንወጣ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ቀለም የነካት ጣታቸውን እያዩ ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆም አሉ። «እንግዲህ እነዚህ ሰዎች» አሉኝ፣ «ካሸነፉ በኋላ ምን ይሠራሉ?»

ጥያቄው ዘግይቶ ነው የመጣው። ቢሆንም መጣ። እስከ ቤታቸው ድረስ የዋርዱ ተወካይ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ገዥው በምን ገንዘብ እንደሚያዝ እያስረዳኋቸው ሄድን። በራቸው ላይ ስንለያይ «በሚቀጥለው ከሰልፉ በፊት ና» አሉኝ።